ጅማ ውስጥ ልጅን በሰላም ትምህርት ቤት ለማድረስ፦ ከልጁ በፊት መንገዱን አስተካክሉ

ጠዋት በር ላይ ቆመን «ተጠንቅቀህ ሂድ» እንላለን። ሁላችንም እንላለን። ምርቃት ነው፣ ክፋት የለውም። ግን የሰባት ዓመት ልጅ «ተጠንቀቅ» ሲባል ምን ማድረግ እንዳለበት ከየት ያውቃል? የቱ ጋ ይቁም? በየት ይሻገር? ባጃጁ ሲቆም በየት በኩል ይውረድ? እነዚህን አንድ በአንድ ካላሳየነው ምንም አላልነውም።

ይህን የምጽፈው ለጅማ ወላጆች ነው። ሌላ ከተማ ያለ ሰው ቢያነበውም የሚጠቅመው አያጣም። አንድ ነገር ላይ ግን ድርቅ እላለሁ፦ ከልጁ በፊት መንገዱን አስተካክሉ። በየት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚሻገር፣ በምን እንደሚሳፈር አዋቂ ይወስን። ልጁ የተወሰነለትን ይለማመድ። ብዙ ቤት የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው፤ መንገዱ እንዳለ ይተውና ልጁ ይቆጣል።

ልጅ የማይችለው ነገር አለ

እስከ 9 እና 10 ዓመት ድረስ አብዛኛው ልጅ የሚመጣ መኪና ምን ያህል እንደራቀና ምን ያህል እንደሚፈጥን አዛምዶ መገመት ይቸግረዋል። መኪናውን ያየዋል። ይደርስብኛል ወይስ አይደርስብኝም የሚለው ግን ሌላ ሂሳብ ነው። ድምፅ ከየት በኩል እንደመጣ መለየትም ገና አልጠነከረለትም። ቁመቱም አጭር ነው፤ ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ ብቅ ሲል እሱም መኪናውን አያይም፣ ሹፌሩም እሱን አያየውም። በዚያ ላይ ጓደኛው ከማዶ ከጠራው አለቀ፣ አስፋልት የሚባል ነገር ከጭንቅላቱ ይጠፋል። ይህ የዕድሜ ጉዳይ ነው። በቁጣም በኩርኩምም አይፈጥንም።

ሂሳቡን አንዴ እንሥራው። ሰባት ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አስፋልት አስቡ። ትንሽ ልጅ በሴኮንድ አንድ ሜትር ያህል ይራመዳል፣ ስለዚህ ለመሻገር 7 ሴኮንድ ይፈልጋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ7 ሴኮንድ ውስጥ 97 ሜትር ይጓዛል። ልጁ እግሩን ሲያነሳ 100 ሜትር ላይ የነበረው መኪና፣ ያ «ኧረ ገና ሩቅ ነው» የምንለው፣ ልጁ ማዶ ሲደርስ አጠገቡ ነው። ትንሽ ቢያመነታ ወይም ጫማው ቢወልቅ የሚተርፍ ጊዜ የለም። መኪናው በ30 ቢሆን ግን በዚያው ጊዜ የሚጓዘው 58 ሜትር ብቻ ነው።

ፍሬኑም ላይ እንደዚያው ነው። በደረቅ አስፋልት በ30 የሚሄድ መኪና፣ ሹፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ያለው ጊዜ ተጨምሮ፣ 13 ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል። በ50 ከሆነ 28 ሜትር አካባቢ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት መንገድ ላይ ፍጥነት ከ30 እንዳይበልጥ የሚመክረው ለዚህ ነው። ያው ድርጅት ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችና ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚው የመንገድ አደጋ ነው ይላል። ከበሽታ ሁሉ በፊት ማለት ነው። እኛ ግን ልጁ ሲያስለው ሐኪም ቤት እንሮጣለን፤ መንገዱን ዞር ብለን አናይም።

መንገዱን እናንተ ቀድማችሁ ሂዱት

እሁድ ከሰዓት እንዳይሆን። በትምህርት ቀን፣ ልጁ በሚሄድበት ሰዓት። ጠዋት 1:30 ላይ ያለችው ጅማና 4:00 ላይ ያለችው ጅማ ሁለት ከተማ ናቸው።

ከቤት እስከ ትምህርት ቤቱ በር እየሄዳችሁ ሦስት ነገር ቁጠሩ። ልጁ ስንት ጊዜ አስፋልት ይሻገራል? ስንት ቦታ ላይ ከመኪና ጋር አንድ መስመር ይጋራል? ስንት ቦታ ላይ የሚመጣውን መኪና ማየት አይችልም? ሦስተኛውን ለማወቅ ቁጢጥ በሉ። የምሬን ነው። በልጁ ቁመት ልክ ዝቅ ብላችሁ እዩ። የሱቅ ማስታወቂያው፣ የተከመረው አሸዋ፣ የቆመው ጋሪ፣ ለእናንተ ከወገብ በታች የሆነው ሁሉ ለሱ ግድግዳ ነው። የሚስቅ ሰው ካለ ይሳቅ።

ከዚያ ሌላ መንገድ ፈልጉ። አጭሩ መንገድ ብዙ ጊዜ ጥሩው አይደለም። በውስጥ ለውስጥ፣ በኮብልስቶኑ በኩል ዞሮ አምስት ደቂቃ የሚጨምር፣ ግን ዋናውን አስፋልት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያሻግር መንገድ ካለ ያንን ውሰዱ። ልጁ ያማርራል። ያማርር። አሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ ይነሳ፤ የሚሮጥ ልጅ ሁሌም የዘገየ ልጅ ነው፣ አስፋልት ላይ የሚገባውም እሱ ነው።

ጅማ ላይ ስትመርጡ የሚከተሉትን አስቡ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ የመጣው ከባድ መኪና ወደ አጋሮና በደሌም ይሂድ ወደ ቦንጋና ሚዛን፣ ጅማን ሳይነካ አያልፍም። ሹፌሩ የአገር አቋራጭ ፍጥነቱን ገና ከእግሩ አላወጣም። ስለዚህ በከተማው መግቢያና መውጫ ያሉ ትምህርት ቤቶች መሀል ፈረንጅ አራዳ ካሉት የተለየ ችግር አለባቸው፤ እዚያ ያለው ፍጥነት ነው፣ እዚህ ያለው ግርግር። የቡና ለቀማ ወቅት ሲመጣ ደግሞ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ገደማ፣ አይሱዙው ይበዛል። ያኔ መስከረም ላይ ጥሩ የነበረው መሻገሪያ ጥሩ ላይሆን ይችላል። እንደገና ሂዱና እዩት።

ሐሙስን ለብቻው አስቡት። የጅማ ትልቁ ገበያ ከጥንት ጀምሮ ሐሙስ ነው፣ ሐሙስ ደግሞ የትምህርት ቀን ነው። በመርካቶና በሂርማታ በኩል የሚያልፍ ልጅ አህያ፣ ጋሪ፣ ሸክም የያዘ ሰው፣ ወደ ኋላ የሚሄድ አይሱዙ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያገኛል። የእግረኛው ጠርዝ በሸቀጥ ስለሚያዝ ልጁ ሳይወድ ወደ መሀል ይገፋል። ለሐሙስ የተለየ መንገድ ይኑራችሁ። ካልተቻለ ሐሙስ አዋቂ ይሸኘው። ሌላ መላ አላየሁም።

ድልድይ ሌላው ነው። የአዌቱ ወንዝ ከተማውን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ብዙ ልጅ ጠዋትና ማታ ድልድይ ይሻገራል። ድልድዩ የእግረኛ መተላለፊያ ከሌለው ደንቡ አጭር ነው፦ በአንድ ረድፍ፣ ያለ መገፋፋት፣ ውሃ ለማየት ሳይቆሙ። ከባድ መኪና ድልድዩ ላይ ሲገባ ካዩ እስኪያልፍ ከድልድዩ ወዲህ ይጠብቁ።

የእግረኛ መንገድ በሌለበት ሁሉ ግራ ይዘው ይሂዱ። እኛ አገር መኪና ቀኙን ስለሚይዝ ግራውን የያዘ እግረኛ የሚመጣበትን ፊት ለፊት ያየዋል። ሁለት ከሆኑ ትልቁ በአስፋልቱ በኩል፣ ትንሹ በውስጥ በኩል። ታናሽን ሲይዙ የእጅ አንጓውን ይያዙ። መዳፍ ያሟልጫል፣ በተለይ እጁ ረጥቦ ከሆነ።

ዝናቡ

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። ትምህርት ሲዘጋ የሚመጣው ክረምት ብቻ አይደለም። መስከረምና ጥቅምት ላይ ይዘንባል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ልጆቹ ገና ፈተና ላይ እያሉ በደንብ ይወርዳል። ስለዚህ የዝናብ ቀን እዚህ የተለመደ ቀን ነው፣ ዕቅዱም ለዝናብ ቀን ይውጣ።

እርጥብ አስፋልት ላይ መኪና ለመቆም የሚወስድበት ርቀት ይረዝማል። ከውስጥ መንገድ በጎማ ተጎትቶ አስፋልት ላይ የሚለጠፈው ቀይ ጭቃ ሲጨመርበት ባጃጅም ሞተርም ይንሸራተታል። ልጁ ደግሞ አንገቱን ቀብሮ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ይሮጣል። ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ጎንና ጎን ያለውን ይጋርዳል፣ ድምፅም ያፍናል። ጃንጥላ ወደ ፊት ከተያዘ የሚመጣውን መኪና ይሸፍናል። ስለዚህ ከመሻገሩ በፊት ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ጃንጥላውን ቀጥ አድርጎ ግራ ቀኝ እንዲያይ አስለምዱት። ትንሽ ይረጥባል። ይድረቅለታል።

የምትገዙት የዝናብ ልብስ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ይሁን። ጥቁር ሰማያዊ ልብስ በጉምና በዝናብ ውስጥ ከአስፋልቱ ጋር አንድ ይሆናል። ቦርሳው ጀርባ ላይ የሚያንጸባርቅ ሪባን መስፋት ከባድ አይደለም፤ ልብስ ሰፊ ቤት ትንሽ ቁራጭ ብትጠይቁ ሳይገኝ አይቀርም።

ክፍት ቦይ ደግሞ አለ። ውሃ ሲሞላው መንገድና ቦይ አይለይም። ልጁ በሚሄድበት መስመር ላይ ክዳኑ የጠፋ ቦይ ካለ በደረቁ ቀን ወስዳችሁ ቦታውን አሳዩት፤ ጎርፍ ሲሆን በሌላ በኩል እንዲያልፍ ከወዲሁ ንገሩት። ለቀበሌም አመልክቱ፣ ክዳኑ ግን በማግሥቱ አይመጣም።

መሻገርን እንዴት ታስተምራላችሁ

በቃል አይሆንም። መንገድ ዳር ቁሙና አሠሩት።

ደረጃው ይህ ነው። ከጠርዙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቁም። መጀመሪያ ግራውን ይይ፣ ምክንያቱም ለሱ የሚቀርበው መስመር ላይ የሚመጣው መኪና ከግራ ነው። ከዚያ ቀኙን። እንደገና ግራውን። ባዶ ከሆነ ቀጥ ብሎ፣ ሳይሮጥ፣ ግራና ቀኝ ማየቱን ሳያቆም ይሻገር። በሰያፍ መሻገር የለም፣ ሰያፍ መንገዱን ያስረዝመዋል።

መጀመሪያ እናንተ እያወራችሁ አሻግሩት፦ «አሁን ቆምኩ፣ ግራ እያየሁ ነው፣ አንድ ባጃጅ አለ፣ ይለፍ።» በኋላ ቦታ ተቀያየሩና «በል አሁን አንተ አሻግረኝ» በሉት። ልጆች ይህን ይወዱታል። ኃላፊነት ሲሰጣቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው የሚያዩት። ለሳምንታት ደጋግሙት። በኋላ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ከኋላ ተከተሉት፣ አይያችሁ። ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚያደርግ የምታውቁት ያኔ ነው።

ዜብራ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው መኪና ቆሞ ያሳልፈዋል። ከጎኑ ያለው ባጃጅ ወይም ሞተር ግን ለምን እንደቆመ ሳያይ ደርቦ ይመጣል። ልጁ በቆመው መኪና ጠርዝ ላይ ቆም ብሎ ቀጣዩን መስመር ካላየ እንዳይቀጥል። ይህን ለብቻው አለማምዱት። ሹፌሩ በእጁ «እለፍ» ቢለውም እንዲሁ ነው። ሹፌሩ ቸር ሊሆን ይችላል፣ ከኋላው ያለውን ግን አያዝበትም።

ከቆመ ሚኒባስ ወይም አይሱዙ ፊት ለፊት ወይም ኋላ መሻገር ክልክል ይሁን። መኪናው ይሂድ፣ መንገዱ ይገለጥ፣ ከዚያ።

አሁን ለእናንተ። ልጁን ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ አትጥሩት። ከሰዓት ልትቀበሉት ስትሄዱ እሱ ባለበት በኩል ቁሙ። ልጅ እናቱን ሲያይ መኪና አያይም። ይህን አንዷን ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ አልከፋም።

በስንት ዓመቱ ብቻውን ይሂድ ለሚለው ቁርጥ ያለ መልስ የለም፤ መንገዱ ይወስነዋል። አስፋልት የማይሻገርበት የሰፈር መንገድ ከሆነ ቀደም ይላል። ከባድ መኪና የሚያልፍበትን መንገድ መሻገር ካለበት ግን ከ10 ዓመት በፊት ብቻውን ባይሄድ እመርጣለሁ። ታላቅ እህቱ ትውሰደው የምትሉም እህቲቱ ራሷ ስንት ዓመቷ እንደሆነ አስቡ።

ባጃጅ

እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፣ ምክንያቱም ጅማ ውስጥ የሰርቪስ ነገር ባብዛኛው የኮንትራት ባጃጅ ነገር ነው።

ባጃጅ የተሠራው ለሦስት ተሳፋሪ ነው። ሦስት አዋቂ እንጂ ልጅ ስለሆነ ሰባት ይችላል የሚል ሕግ የለም። ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ስላለው በፍጥነት ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ይገለበጣል። ልጆች ሲበዙ ደግሞ አንዱ ጠርዝ ላይ በግማሽ ይቀመጣል፣ አንዱ ቆሞ ይሄዳል፣ አንዱ ሹፌሩ ጎን ይለጠፋል። የሹፌሩ ጎን መቀመጫ አይደለም። መሪውን ያጣብባል፣ ግጭት ሲመጣም ከፊት የሚወጣው እሱ ልጅ ነው።

ሹፌሩን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። እስቲ ሂሳቡን ከሱ በኩል እዩት። ቤንዚን ወረፋ አድሮ ነው የሚቀዳው። እኛ በወር የምንከፍለው ለሦስት ልጅ አያዋጣውም፣ ስለዚህ ይጨምራል። ልጅ ሲጨምር ቤት ይጨምራል፣ ቤት ሲጨምር ጊዜ ያጥረዋል፣ ጊዜ ሲያጥረው ይበራል። ስለዚህ ኮንትራት ስትይዙ ዋጋ ላይ ብቻ አትከራከሩ። ከጎረቤት ሁለት ወላጆች ጋር ተነጋግራችሁ ለሦስት ልጅ ብቻ የሚሆን ዋጋ ቁረጡና «ከዚህ በላይ እንዳትጭን» በሉት። ገንዘቡ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። የማይቻል ከሆነ ከስድስት ልጅ ጋር ታጭቆ ከሚሄድ ከአዋቂ ጋር በእግሩ ቢሄድ ይሻላል።

ሹፌሩን ስትይዙ እነዚህን ጠይቁት። መንጃ ፈቃድህን አሳየኝ። ባጃጁ ያንተ ነው ወይስ ተከራይተህ ነው? ስትታመም ወይም ስትቀር ማን ይነዳል? (ብዙ ጊዜ ታናሽ ወንድሙ ነው፣ መንጃ ፈቃድም የለውም።) ከኛ ልጆች በፊትና በኋላ የት የት ትሄዳለህ? የመጨረሻው ጥያቄ ዋናው ነው። አንዱ ሹፌር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት ትምህርት ቤት የሚደርስ ከሆነ በቀስታ ሊነዳ አይችልም፤ ቢፈልግም አይችልም።

ከዚያ ስምምነት። የግራ በር በብረት ወይም በሸራ ይዘጋ፣ ልጆች በቀኝ በኩል ብቻ ይውረዱ፣ ግራው የመኪና መስመር ነውና። ትምህርት ቤቱ በር ባለበት በኩል ያውርዳቸው፤ ዞሮ መምጣት ካለበት ይዙር። ማዶ አውርዶ «ሩጡ» ማለት የለም። እስኪቆም ማንም አይነሳ። እያሽከረከረ ስልክ አያንሳ፣ እናንተም እየነዳ መሆኑን እያወቃችሁ አትደውሉለት። ይህን በየሰዓቱ «ደረሱ ወይ» እያልን የምንደውለው እኛ ነን።

ቦርሳዎች ከኋላ ይቀመጡ እንጂ ከጎን አይንጠልጠሉ። እጅና ጭንቅላት ወደ ውጭ አይውጣ። ልጁን ማታ ማታ «ዛሬ ስንት ሆናችሁ መጣችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። ልጅ አይዋሽም፣ በዚህ ነገር በተለይ።

ሞተር ላይ ሁለትና ሦስት ልጅ የሚጭኑ አባቶች አሉ። የልጅ ሄልሜት ፈልጋችሁ ግዙ፣ የአዋቂው ይወልቅበታል፣ የሌለ ያህል ነው። አንድ ልጅ ብቻ፣ እግሩ መርገጫው ላይ ከደረሰ ብቻ፣ ከኋላ ብቻ። የግል መኪና ያላችሁ ልጁን ከኋላ አስቀምጡት፣ እቅፍ ውስጥ ከፊት መቀመጥ ይቅር። መኪና ያለው ወላጅ በር ላይ ደርቦ የሚያቆመው ነገር ደግሞ ከታች ይመጣል።

የትምህርት ቤቱ በር

አንድ ወላጅ ሄዶ ቢናገር «እናያለን» ይባላል። ወተመህ ውስጥ ገብታችሁ ወይም አባሉን ይዛችሁ ሂዱ። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር የሚገናኙበት ኅብረት የሚባለው ለመዋጮ ብቻ የተቋቋመ አይደለም።

ገንዘብ የማይጠይቁትን መጀመሪያ ጠይቁ። ሁሉም ክፍል በአንድ ደወል እንዳይወጣ፣ ትንንሾቹ ቀድመው ወይም ዘግይተው ይውጡ፤ ይህን ዩኒት ሊደሩ በአንድ ቀን ይወስነዋል። ፈረቃ ባለበት ትምህርት ቤት 6:00 ሰዓት አካባቢ የሚወጡትና የሚገቡት በር ላይ ይጋጫሉ፣ የሩብ ሰዓት ልዩነት ብቻ ብዙ ይለውጣል። ከበሩ ግራና ቀኝ 30 ሜትር ያህል ባጃጅም የቤት መኪናም እንዳይቆም በሉ። በሩ ላይ የሚቆመው መኪና የራሳችን ነው፣ የሚጋርደውም የራሳችንን ልጆች ነው።

ብስኩትና ከረሜላ የምትሸጠዋን ሴትም አትርሷት። ማዶ ከተቀመጠች ልጆች በዕረፍት ሰዓት አስፋልት ይሻገራሉ። አታባርሯት፣ እንጀራዋ ነው። ከበሩ ወገን ቦታ ፈልጋችሁ ስጧት።

ተማሪ ትራፊኮች ጥሩ ናቸው፣ ግን ቦታቸውን እንወቅ። የ13 ዓመት ልጅ «ቁም» የሚል ምልክት ይዞ ሲኖትራክ ፊት ይቁም አይባልም። የነሱ ሥራ ተማሪውን ጠርዝ ላይ ይዞ ማቆየት ነው። መኪና የሚያስቆም አዋቂ ይሁን፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ወይም ተራ የገባ ወላጅ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ። የትራፊክ ፖሊስ ጠዋትና ከሰዓት ለግማሽ ሰዓት እንዲመደብም ጠይቁ።

ዜብራ፣ ምልክትና የፍጥነት መቀነሻ ግን በደብዳቤ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ መንገዱ የማን እንደሆነ አጣሩ። የውስጥ መንገድ የከተማው ነው። የአገር አቋራጩ አውራ ጎዳና ከሆነ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል፣ ማዘጋጃ ቤት «እኛን አይመለከትም» ብሎ ወራት እንዳያቃጥልባችሁ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ማመልከቻውን በኦሮምኛ ጻፉት፣ የቢሮው የሥራ ቋንቋ ነው፣ ቶሎ ይመራል። ከትምህርት ቤቱ ማኅተም ጋር፣ ከወላጆች ፊርማ ጋር። አንድ ገጽ ይበቃል።

ከታሪክ ይልቅ ቁጥር አስገቡበት። ሁለት ወላጅ ከ1:30 እስከ 2:30 በር ላይ ቆሞ ስንት መኪና፣ ስንት ባጃጅ፣ ስንት ልጅ እንዳለፈ ወረቀት ላይ ጭረት እያደረገ ይቁጠር። ፍጥነቱን ለመገመት 50 ሜትር ለኩና በስልክ ሴኮንድ ያዙ፤ ሃምሳውን ሜትር በ6 ሴኮንድ የጨረሰ መኪና በ30 ነው የሄደው፣ በ3 ሴኮንድ ከሆነ በ60። ፎቶ አያይዙ። መዝገብ ቤት ስታስገቡ ቁጥሩን ተቀበሉና ኮፒው ላይ ማኅተም አስደርጉ፤ ያለዚያ «ደብዳቤ አልደረሰንም» ይመጣል። በየሁለት ሳምንቱ በዚያ ቁጥር ጠይቁ። ጨዋ ሁኑ፣ ግን አትጥፉ።

በራሳችሁ ድንጋይና አፈር ከምራችሁ ጉብታ አትሥሩ። አውቃለሁ፣ ያጓጓል። ግን ምልክትና ቀለም የሌለው፣ ቅርጹ የጠፋ ጉብታ በጨለማ ሞተረኛ ይገለብጣል፣ አምቡላንስም ያቆማል። በተለምዶ የሚሠራው ክብ ጉብታ ወደ 3.7 ሜትር ርዝመትና ቢበዛ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው፣ ከሩቅ የሚታይ ቀለም ይቀባል፣ ከፊቱ ምልክት ይተከላል። እስከዚያው ትምህርት ቤቱ በራሱ አጥር ላይ ትልቅ ሰሌዳ መስቀል ይችላል፦ በኦሮምኛ «ሱታ»፣ በአማርኛ «ቀስ»፣ ከሥሩ 30 የሚል ቁጥር። ከአጋሮ የመጣውም ከአዲስ አበባ የመጣውም ያነበዋል።

ተራ በተራ መሸኘት

ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ጎረቤቶች ተሰባሰቡና ልጆቹ አንድ ላይ በአንድ አዋቂ ይሂዱ። ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም። ጅማ ነው ያለነው፣ ቡና ላይ ይጨረሳል። ሰኞ የናንተ፣ ማክሰኞ የእትዬ እገሊት፣ እንደዚያ። ስምንት ልጅ ለአንድ አዋቂ ይበዛበታል፤ ትንንሾች ካሉበት ሁለት ይሁኑ። የመነሻ ሰዓት ቁርጥ ያለ ይሁን፣ የዘገየ ልጅ በእናቱ ይምጣ። ተረኛው ከታመመ ማን እንደሚተካ ቀድሞ ይታወቅ። ጡረታ የወጡ አባባ ሰፈር ውስጥ ካሉ ጠይቋቸው፤ ጠዋት መንቀሳቀስ ይወዳሉ፣ ሹፌሮችም ያከብሯቸዋል።

ክፉ ቀን ከመጣ

አይምጣ። ግን ማወቅ ይበጃል።

ልጅ ከተገጨ በቶሎ አንስቶ ባጃጅ ላይ መጫን የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። አንገቱ ወይም ጀርባው ተጎድቶ ከሆነ ማንሳቱ ራሱ ያባብሰዋል። ተጨማሪ መኪና እንዳይመጣበት መንገዱን በሰው ዝጉ። የሚደማ ቦታ ካለ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ተጭናችሁ ያዙ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የግድ መንቀሳቀስ ካለበት ጭንቅላት፣ አንገትና ጀርባው ቀጥ እንዳሉ በብዙ እጅ፣ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ይነሳ። ውሃም ምግብም አትስጡት፣ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

ልጁ ተነስቶ «ምንም አልሆንኩም» ቢልም ጭንቅላቱን ወይም ሆዱን ከተመታ ይመርመር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ሸነን ጊቤ ሆስፒታል አለ። በዚያ ሌሊት ካስመለሰው፣ እንቅልፍ ከበዛበትና አልነቃ ካለ፣ ግራ ከተጋባ ተመልሳችሁ ሩጡ።

ታርጋውን በስልክ አንሱ። «በሽምግልና እንጨርሰው» የሚል ሰው ወዲያው ይመጣል፣ ብዙውን ጊዜ በቅን ልብ። ሽምግልናው ይቆያል። መጀመሪያ ሐኪም፣ መጀመሪያ የትራፊክ ፖሊስ ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ)። መኪናው በሕግ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል፣ ካሳ ለመጠየቅ ደግሞ የፖሊሱና የሐኪሙ ወረቀት ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ነገር ዛሬ ማታ የሚደረግ ነው። በልጁ ቦርሳ ውስጠኛ ኪስ አንድ ወረቀት አድርጉ፤ የሁለት ሰው ስልክ፣ የደም ዓይነቱ ከታወቀ፣ የማይስማማው መድኃኒት ካለ። በላስቲክ ጠቅልሉት፣ ዝናቡ ያጠፋዋል። የልጁን ስም ቦርሳው ላይ በውጭ በኩል አትጻፉ፣ ማንም አንብቦ በስሙ እንዳይጠራው። ሲም ካርድ ስትቀይሩ ወረቀቱንም መቀየር እንዳትረሱ።